በኪራይ ያረጀ ሰፈር

ልደታ ውስጥ የቤት ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው የክፍሉ ብዛት አይደለም። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ቆጣሪው የግል ነው ወይ የሚለውም በኋላ ይደርሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የቀበሌ ነው የግል?» የሚል ነው። መላሹ የኪራይ ቤቶች ተከራይ ከሆነ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ «የኪራይ ቤቶች» ይላል፤ የኪራይ ቤቶች ማለት በአብዛኛው ግንብ ነዋ፣ ሽንት ቤቱም የራሱ ነው። ሦስቱ መልሶች ሦስት ዓይነት ኑሮ ናቸው። ይህ ክፍፍል ከየት እንደመጣ ግን የዛሬ ልጆች ሲጠይቁ አልሰማም፤ ቀበሌ የሚባለው ነገር ከልደታ ማርያም ታቦት ጋር አብሮ የገባ ይመስላቸዋል።

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። እዚሁ ሰፈር ተወለድኩ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ቀበሌ ውስጥ በኪራይ ሰብሳቢነት ተቀጠርኩ፣ መሥሪያ ቤቱ ወረዳ ተብሎ ስሙ ከተለወጠ በኋላ ከዚያው ወንበር ተነስቼ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ የሰፈሬን ሰው ግማሹን በስሙ፣ ግማሹን በቤት ቁጥሩ ነው የማውቀው።

መዝገባችን ክንድ የሚያክል ቁመት ያለው፣ ጀርባው በጨርቅ የተለበጠ ትልቅ ደብተር ነበር። በግራ ገጽ የቤት ቁጥር፣ የተከራይ ስም፣ የክፍል ብዛት፣ የጣሪያና የግድግዳ ዓይነት፣ ወርኃዊ ኪራይ ይጻፋል፤ በቀኝ ገጽ አሥራ ሁለቱ ወራት ይደረደራሉ። ጳጉሜን ቦታ የላትም፤ ድሮም ሆነ ዘንድሮ የጳጉሜን የሚያስከፍል አከራይ አላየሁም። «ግድግዳ» በሚለው ስር ከላይ እስከ ታች «ጭቃ፣ ጭቃ፣ ጭቃ» ነው። «ኪራይ» በሚለው ስር 3.50፣ 4.00፣ 6.25፣ አልፎ አልፎ 15 ወይም 22 ብር። ሐምሌ 1 ላይ የበጀት ዓመቱ ሲጀምር አዲስ መዝገብ እንከፍትና ቁጥሩን ከአሮጌው እንገለብጣለን። ሥራ ስጀምር 3.50 ብዬ የገለበጥኩትን ቤት፣ ለሚተካኝ ልጅ ሳስረክብም 3.50 ብዬ ነው ያስረከብኩት። በመሀሉ መንግሥት ተለውጧል፣ የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፣ ያ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም።

ቁጥሩ የተጻፈው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ታሪኩ ግን ከዚያ ይቀድማል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ከመሆኗ በፊት የጦር ሰፈር ነበረች። መኳንንቱ ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተመሩ ሠራዊታቸውን አሰፈሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ በጌታው ግቢ ጥግ ጎጆ ቀለሰ። ያ ጎጆ ኪራይ አልነበረውም፤ ክፍያው አገልግሎት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ የከተማ ቦታ በስም እየተመዘገበ እንዲሸጥና እንዲወረስ የሚፈቅድ ደንብ ካወጡ ወዲህ ነው መሬት ገንዘብ የሆነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ከየጠቅላይ ግዛቱ ሰው ጎረፈ። መርካቶ ሥራ አለ፣ ለገሃር ሥራ አለ፣ ፋብሪካ ይከፈታል። የመጣው ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ማደሪያው የሚቆምበት መሬት ግን የጥቂት ሰው ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ከአዲስ አበባ መሬት ከግማሽ በላዩ ከሁለት ሺህ በማይበልጡ ሰዎች እጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያንና መንግሥትም ድርሻ ነበራቸው። ቁርጥራጭ መሬት ያለው ሰው በቁጥር ብዙ ነበር፤ የያዘው መሬት ሲደመር ግን ከአሥር እጅ አንዱን አይሞላም። ቀሪው ሕዝብ ተከራይ ነው።

ተከራይም ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው እንደ አባቴ ቤት ይከራያል። ሁለተኛው ባዶ መሬት ተከራይቶ ቤቱን ራሱ ይሠራል፤ በየወሩ የሚከፍለው የመሬቱን ብቻ ነው። ከልደታ ማርያም ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው ግቢያችን ሁለቱም ዓይነት ነበሩ። አባቴ ዳርማር ጫማ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ለሁለት ክፍል 7 ብር ይከፍላል። ጎረቤታችን የነበሩት አናጢ ደግሞ መሬቱን ተከራይተው በገዛ እጃቸው ያቆሙት ቤት ነበራቸው። ቤቶቹን ለይቶ የሚያውቅ የለም። የሁለቱም ማገር ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ተወጥሮ ዳር ዳሩ በምስማር ይመታና ኖራ ይቀባል። ማታ አይጥ ሲሮጥበት የእግሩን ኮቴ ከስር በዓይናችን እየተከተልን የት እንደደረሰ እንነጋገር ነበር። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ካፈሰሰ አቡጀዲው ላይ ቡናማ ክብ ይወጣል። ክቡ በየዓመቱ ይሰፋል። እናቴ «ዘንድሮ ደግሞ በር በር እያለ ነው» ትል ነበር።

የግቢው ባለቤት በረንዳ ባለው ትልቁ ቤት የሚኖሩ ወይዘሮ ነበሩ። ባላቸው በማይጨው ዘመቻ ቀርተው ርስቱ ለእሳቸው የቀረ ነው። ኪራይ በወሩ መጀመሪያ ወደ በረንዳው ይወሰዳል፤ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ በሁለት እጇ ትሰጣለች። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም። ወይዘሮዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰው ሲወልድ ገንፎ የሚያስገነፉ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉ ናቸው። ግን «ቤቱን ለእህቴ ልጅ ፈልጌዋለሁ» ካሉ በቃ፣ ወሩ ሳያልቅ ዕቃ ይጫናል። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንግዳ አይገባም። መብራቱ የጋራ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ የሚያጠፉት እሳቸው ናቸው። ግንቦት 1፣ የልደታ ለት፣ በግቢው መሀል ከነበረው ዛፍ ስር ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሁሉም ተከራይ እፍኝ እፍኙን ያዋጣል፣ የሚመርቁት ግን ወይዘሮዋ ናቸው። ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ዛፉን ነው። የወርካ ያህል አይሁን እንጂ ግቢውን ግማሽ ያህል ያጠላ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ሁለት የኮክ ዛፍ፣ ጌሾና ኮባም ነበረን። ግቢው ለምለም የነበረው ባለቤት ስለነበረው ነው ብል የሚቆጣኝ ይኖራል፤ ይቆጣ።

ከኛ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኪራይ ነበር። የልደታ ሜዳ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከዚያው ተነስቶ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራው ወደ ቦሌ ሲዞር ስሙ ብቻ ቀረ። ዛሬም ሰፈሩን ኦልድ ኤርፖርት ነው የምንለው። በዚያ ዙሪያ ቪላ ይሠራ ጀመር። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሟል፣ በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፤ ዲፕሎማቱና ባለሙያው ግቢ ያለው፣ ጸጥ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት ቤት ይፈልጋል። ከፍ ያለ ሹመት ያለው ሰው ሁሉ ከባንክ ተበድሮ ቪላ ሠርቶ ለፈረንጅ ማከራየት ያዘ። አንዳንዱማ ራሱ በድሮ ቤቱ ተጨናንቆ እየኖረ ነበር አዲሱን የሚያከራየው። ኪራዩ የባንኩን ዕዳ በጥቂት ዓመት ይጨርሳል። አባቴ አንዳንድ እሑድ ወደዚያ በእግር ይወስደን ነበር፤ ሣር የሚታጨድበት ማሽን ያየሁት በአጥር ቀዳዳ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የገጠሩ መሬት የካቲት 25 ላይ ታውጇል፤ ከተማው ተራው እንደሚደርስ የጠበቀ ሰው ነበር፣ የኛ ወይዘሮ ግን አልጠበቁም። አዋጁ የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኖረዋል፤ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ ትርፍ ቤት ይወረሳል፤ ከእንግዲህ ቤት የሚያከራይ መንግሥት ብቻ ነው። ኪራዩም ተቀነሰ። ቅናሹ ለትንሹ ኪራይ ከፍ፣ ለትልቁ ዝቅ እያለ የሚሄድ ነው፤ ዝቅተኛው በግማሽ ወረደ። የኛ 7 ብር 3.50 የሆነው ያን ቀን ነው። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። መቶ ብር ላይ የተሰመረችው መስመር ጭቃውን ከግንቡ ለየችው፤ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ልዩነት የተወለደው እዚያ መስመር ላይ ነው። የኦልድ ኤርፖርት ትርፍ ቪላዎች ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ፤ የልደታ ጓሮ ለቀበሌ ቀረ።

አናጢው ጎረቤታችንስ? መሬት ተከራይተው ቤት የሠሩ ስለነበሩ ቤቱ የራሳቸው ሆኖ ጸደቀ፤ የመሬቱን ለመንግሥት ይከፍላሉ። አባቴ ቤት ተከራይ ስለነበረ የቀበሌ ተከራይ ሆነ። አንድ ግቢ፣ አንድ ጭቃ፣ በአንድ ክር የሚሰጣ ልብስ፤ አንዱ «የግል»፣ አንዱ «የቀበሌ»። አባቴ ይህን እያነሳ ሲስቅ የኖረ ሰው ነው፤ «ያኔ መዶሻ ብይዝ ኖሮ» ይል ነበር።

ወይዘሮዋ ትልቁ ቤት ቀረላቸው፤ አንድ ቤት ይገባቸዋልና። ስለ ካሳ አዋጁ ላይ አንቀጽ ነበረ፤ በኛ ሰፈር ካሳ ወሰድኩ የሚል ሰው ግን ከመዝገብ ቤትም ከጎረቤትም አልገጠመኝም። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት 1 ንፍሮው ተቀቀለ፣ እሳቸውም እንደማንኛችን እፍኛቸውን ይዘው መጡ። ማን ይመርቅ የሚለው ትንሽ አከራከረ። በመጨረሻ እሳቸው መረቁ፤ መብራቱን ግን ከዚያ ወዲህ አላጠፉም።

ሰው የቀበሌን ዘመን ሲያወራ ወይ ያመሰግናል ወይ ይራገማል። ከመዝገቡ ጀርባ ተቀምጬ ያየሁት ሁለቱንም ነው። ርካሹ ኪራይ ሰዉን አተረፈ፤ ቤቱን ግን ገደለው።

ሰዉን አተረፈ ስል እንዲህ ነው። ባል የሞተባት፣ ጡረታዋ ለወር አስቤዛ የማይበቃ ሴት ከተወለደችበት ሰፈር ሳትነቀል ኖራለች። ልጆቿ በእግራቸው ትምህርት ቤት ሄደዋል፣ ባልቻ ሆስፒታል ታክማለች፣ እድሯ አልተቋረጠም። ሠርገኛውም ለቀስተኛውም ያንኑ በር ነው የሚያንኳኳው። በግል ኪራይ ቤት ያለ ሰው በየዓመቱ ዕቃ ሲያዞር፣ የቀበሌ ተከራይ ሦስት ትውልድ አንድ ደጃፍ ላይ አረጀ። ውሉም ለሚስት፣ ለልጅ ይተላለፋል፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው ይባላል እንጂ ሰዉ በአፉ «ቤቴ» ነው የሚለው።

ቤቱ ደግሞ በሂሳብ ሞተ። ከመቶ ቤት በወር ሦስት ከሃምሳ፣ አራት ብር ተሰብስቦ ስንት ይሆናል? ከዚያች ገንዘብ ላይ የሕብረት ሱቅ ይቋቋማል፣ መዋዕለ ሕፃናት ይሠራል፣ የጋራ ሽንት ቤት ይቆፈራል፣ የዘበኛና የኛ ደመወዝ ይከፈላል። ተከራይ ጣሪያዬ አፈሰሰ ብሎ ማመልከቻ ይዞ ይመጣል። ማመልከቻው ገቢ ይሆናል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ «በጀት ሲገኝ» የሚል ይጻፍበታል። በጀቱ ሲገኝ የሚመጣው ሁለት ቆርቆሮ ነው፤ ማገሩ በምስጥ ተበልቶ ምስማር የሚይዝ እንጨት የለም። ሰውየው በራሱ ወጪ ላድስ ሲል ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ዘገየ ብሎ በሌሊት ግድግዳ ያቆመ ሰው በነጋታው ደንብ አስከባሪ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ሁሉም ከውጭ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ሠራ። ቆጥ ተሠራ፤ ልጆች በመሰላል እየወጡ ተኙ። ከዚያ ደባል መጣ። ለራሱ በ4 ብር የያዘውን ሁለት ክፍል አንዱን ቆርጦ በ30፣ በ50፣ ኋላም በመቶዎች የሚያከራይ ሞላ። የተከለከለ ነው። እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ ስናልፍ ደጃፉ ላይ የተሰጣውን የሰው ልብስ አይተን እናልፋለን።

ለምለሙም በዚያው ሄደ። ባለቤት የሌለው ግቢ ውስጥ ዛፍ የማንም አይደለም። ልጅ ሲያገባ ማድቤቱ መኝታ ቤት ይሆናል፣ ማድቤት ከኮኩ ስር ይቀለሳል፣ ኮኩ ለማገዶ ይቆረጣል። ያኛው ጎረቤት «እኔስ?» ብሎ ቆርቆሮውን አንድ ክንድ ወደ ፊት ይገፋል። ጌሾው የነበረበት ላይ ጋጣ፣ ኮባው የነበረበት ላይ የጋራ ሽንት ቤት ሆነ። ትልቁ ዛፍ የቆመው ግንቦት ልደታ ስለሚከበርበት ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን የሦስት ቤት ቆርቆሮ ስለነካ ዙሪያውን ተመልምሎ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ቀጥሎም ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ የግል ኪራይ በግላጭ ተመለሰ። ደላላም አብሮ ተመለሰ፤ ወይም ከተደበቀበት ወጣ ልበል። ባለ ግል ቤት የሆነ ሁሉ ከጓሮ በኩል ሰርቪስ ደረደረ። የአናጢው ልጆችም እንደዚሁ። አዲሱ አከራይ የድሮዋን ወይዘሮ ሕግ በሙሉ መልሶ አወጣው፤ እንግዳ አይመጣም፣ በር የሚዘጋው በዚህ ሰዓት ነው፣ ካውያ ቀን ቀን ብቻ። «ስንት ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ይቀድማል። ልጅ ያለው ሰው ልጁን እህቱ ቤት ደብቆ ነው ቤት የሚያየው። ያልተመለሰው ገንፎውና ድንኳኑ ነው፤ የሦስት ወር፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ በምትኩ መጣ።

ከዚያ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ሰፈሩ ራሱ ፈረሰ። ልደታ የመልሶ ማልማት ሥራ በስፋት ከተጀመረባቸው የመሀል ከተማ ሰፈሮች አንዱ ነበር። ስብሰባ ተጠራ፣ ካርታ ተዘረጋ። ለቀበሌ ተከራይ ሁለት ምርጫ ቀረበ፤ ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት መቀየር፣ ወይም ቅድሚያውን ከፍሎ ያለ ዕጣ ኮንዶሚኒየም መግዛት። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገበው ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ አንፃር ያለ ዕጣ መግባት ቀላል ዕድል አልነበረም፤ ሰዉም አውቆታል። መዝገቤን ይዤ ከቤት ቤት ዞርኩ፤ ውዝፍ የሌለበት ማስረጃ ይጻፍለታልና ዓመቱን ሙሉ ያልከፈለ ሁሉ ሰባ ብሩን፣ ሰማንያ ብሩን ይዞ ተሰለፈ። ብዙው ጀሞ ደረሰው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። በወር 3.50 ሲከፍሉ የኖሩ ሴት በወር ለባንክ የመቶዎች ብር ባለዕዳ ሆኑ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ መጋገር፣ ጉልት መቸርቸር አይቻልም፤ ታክሲ ደርሶ መልስ አለ። ስለዚህ ምን አደረጉ? ኮንዶሚኒየሙን ለባንክ ሠራተኛ አከራዩና ራሳቸው ከከተማው ዳር፣ በግል ሰው ጓሮ፣ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ተከራዩ። በአንድ ወር ውስጥ አከራይም ተከራይም ሆኑ። ከኪራዩ ላይ የባንኩን ከፍለው፣ የጭቃ ቤቱን ከፍለው፣ ለጤፍ ይተርፋቸዋል። እንዲህ ያደረገውን ሰው ከመዝገቤ ላይ ብቆጥር ግማሽ ገጽ አይበቃኝም። በተጠናው ጥናት ሁሉ «ተነሺ» ተብለው ነው የተጻፉት፤ አከራይ መሆናቸውን የጻፈላቸው አላየሁም። በፈረሰው ቦታ ላይ የልደታ ኮንዶሚኒየም ቆመ፣ በ2008 ዓ.ም. ባቡሩ መጣ። ከጣቢያው ወርዶ ዛሬ እዚያ ስቱዲዮ የሚከራይ ወጣት የሚከፍለው ገንዘብ የኔን አሮጌ መዝገብ ሙሉ ገጽ የዓመት ገቢ ያስከነዳል።

የእህቴ ልጅ በእርሻ ትምህርት ለሁለተኛ ዲግሪ ሆላንድ፣ ዋገኒንገን ሄዶ ነበር። ትንሽ ከተማ ናት ይላል፤ ጸጥ ያለች፣ መንገዱ ሁሉ ሊንደን በሚባል ዛፍ የተሸፈነ፣ ከየቤቱ ፊት ለፊት ተስተካክሎ የተከረከመ ቁጥቋጦ። ሲመለስ ሌላው ሰው ስለ ሳይክልና ስለ አይብ ሲጠይቀው እኔ ኪራዩን ጠየቅሁት። የነገረኝ አላስተኛኝም። የቤቱ ኪራይ ጣሪያ በነጥብ ይሰላል፤ ለስፋቱ ነጥብ፣ ለማሞቂያው ነጥብ፣ ለማድቤቱ ነጥብ፣ ለጓሮው ነጥብ። ልጁ እዚያ በነበረበት ጊዜ ጓሮም በረንዳም ከሌለው አምስት ነጥብ ይቀነስበት ነበር። አከራዩ ከነጥቡ በላይ ካስከፈለ ተከራዩ የኪራይ ጉዳይ ኮሚቴ ዘንድ ይከሳል፣ ይቀነስለታል። ለምለም ግቢ የማጣትን ዋጋ በቁጥር ጽፈው አስቀምጠውት ነበር!

እነሱም ከእግዜር የተላከላቸው አይደለም። ሠራተኛው በጉድጓድ ቤት ሲያልቅ በ1901 እ.ኤ.አ. የቤት ሕግ አወጡ፤ ማኅበራት በመንግሥት ብድር ቤት እንዲሠሩና እንዲያከራዩ ፈቀዱ። ዛሬ ከአሥር ቤት ሦስት ያህሉ የእነዚያ ማኅበራት ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሲገባባቸው ኪራይ ባለበት እንዲቆም አደረጉ፣ ልክ እንደኛው። ልዩነቱ ከጦርነቱ በኋላ ነው። መንግሥት በወሰነው ልክ ቀስ እያለ ይጨምር ጀመር። እኛ 3.50ን ገለበጥን። ተረቱ ግን እዚያ አያልቅም፤ ልጁ እንደነገረኝ በትልልቆቹ ከተሞች የማኅበር ቤት ለማግኘት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠበቃል፣ ተማሪውም በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ በየጓደኛው ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። ነጥብ ቤት አይወልድም።

ሆላንድን ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ኤምባሲያቸው ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ነው። ዲክ ቫን ጋመረንና ቢያርነ ማስተንብሩክ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች ከራሄል ሻወል ቢሮ ከአባ አርክቴክትስ ጋር የነደፉት ቀይ አፈር የሚመስል ሕንጻ ከመሬቱ የተፈለፈለ ያህል ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የአጋ ካን የሥነ ሕንጻ ሽልማትን አግኝቷል። ያስደነቀኝ ሽልማቱ ሳይሆን ደኑን አለመጨፍጨፋቸው ነው። ባሕር ዛፉን እኛ የቤት ማገር ነው የምንለው።

በ2016 ዓ.ም. እኛም ሆላንዶችም በአንድ ዓመት አዲስ ሕግ አወጣን። የኛው መጋቢት 24 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው፤ የእነሱ ከሰኔ 24 ጀምሮ የነጥቡን ነገር መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ወደሚሆኑ ቤቶች አሰፋው። በኛ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ባነሰ አይዋዋሉም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። የሁለት ዓመቱ አንቀጽ ከዋጋው ይበልጥብኛል። እናቴ በሁለት እጇ ኪራይ የሰጠችው ብሩ በዝቶባት አልነበረም፤ ነገ ዕቃሽን ጫኚ እንዳትባል ነው። ዋጋውን በተመለከተ ግን ለራሴ የምለውን ልበል። ኪራይን ማገድ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ እኔ በጽሑፍ አለኝ፣ በየዓመቱ እየገለበጥኩ። ዛሬ ደግሞ አከራዩ ግብር እንዳይበዛበት ውሉ ላይ ትንሽ ያስጽፋል፣ ተከራዩ ቤቱን እንዳያጣ ዝም ይላል፣ ልዩነቱ በእጅ ይሰጣል። ይህን የሚያየው ደላላ ብቻ አይደለም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጎረቤት ውል የምሞላው እኔ ነኝ፤ የወረዳውን ቅጽ ስለማውቅ ይልኩብኛል። ዋጋው ላይ ሰው ከኔ ዘንድ ሳይመጣ ይስማማል፤ የሚያከራክረው ጥገና ነው። ባለፈው አንዲት ኮንዶሚኒየም ያላት ሴትና ተከራይዋ የውሃ ሮቶ ማን ይቀይራል ብለው ሳሎኔ ውስጥ ሻይ ሁለት ጊዜ እስኪቀዳ ተከራከሩ። እሷ «የምትጠቀምበት አንተ» ትላለች፤ እሱ «ስወጣ ተሸክሜው አልሄድ፣ እትዬ» ይላል። እኩል ለመክፈል ተስማሙ። ቢሰነጠቅ ግን እሷ። በተራ ቁጥር ሰባት ጻፍኩት፣ ሁለቱም ፈረሙ፣ አንዱን ቅጂ ለምዝገባ ወረዳ ይዘውት ሄዱ።